የአሥር አለቃ ጣሰው ጉድጓዶች

አሥር አለቃ ጣሰው ሙሉነህ ሞትን አይፈራም ነበር። ይህንንም ሳይጠየቅ ለሰው ሁሉ ይናገር ነበር። የሚፈራው ቀብሩን ነው። ከሞትኩ በኋላ ነፍሴ ምን ትሆን ብሎ የሚጨነቅ ሰው ሞልቷል፤ የጣሰው ጭንቀት ግን ሬሳው በምን መኪና ተጭኖ የት ይደርሳል የሚል ነበር።

ፍርሃቱም እንዲያው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ጡረታ ወጥቶ የሰፈረባት መንደር ከነገሌ ወደ ወደራ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች፣ ሦስት የቆርቆሮ ቤትና ሃያ የሣር ጎጆ የነበራት ትንሽ ቦታ ናት። ወፍጮ አላት፣ ጠላ ቤት አላት፣ ቤተ ክርስቲያን ግን የላትም። ክርስቲያን የሞተ እንደሆነ ነገሌ ድረስ ይወሰዳል፤ ነገሌ ደግሞ በእግር የሁለት ቀን መንገድ ነው። በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት አብሮት ጡረታ የወጣ አንድ ጓደኛው ሞተና ሬሳውን ትሬንታ ኳትሮ በሚባለው የጭነት መኪና ጫኑት። ሹፌሩ ለአንድ ሬሳ ብዬ ናፍጣ አላቃጥልም ብሎ አርባ ፍየል ጨመረበት። መንገድ ላይ ደረቅ የነበረው ወንዝ ሞልቶ ሁለት ቀን አገዳቸው፤ ቆላ ነው፣ ፀሐዩ ፀሐይ ነው፣ ሬሳ ደግሞ አይታገሥም። በሦስተኛው ቀን ቀባሪዎቹ ተማክረው ሰውየውን ያለ ፍትሐት ከአንድ ግራር ሥር ቀበሩት። ፍየሎቹ በማግስቱ በደኅና ነገሌ ገቡ።

ጣሰው ከቀባሪዎቹ አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፉ ተቃወሰ። አያድርስ ነው መቼስ! ሃያ ዓመት ለመንግሥት አገልግሎ፣ ሜዳልያ ተሸልሞ፣ መጨረሻው ከፍየል በታች ይሁን? ሚስቱ ወይዘሮ ደስታነሽ ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ፣ ምላሷም እንደ ጠላዋ ደረቅ ያለ ሴት ነበረች። መጀመሪያ ላይ ልታጽናናው ሞክራ ነበር። ሲሰለቻት ግን፣ እስከዚያው ያለውን ኑሮ ብትኖረው ምን አለበት፣ ትለው ጀመር።

ጣሰው ከመንዝ ወጥቶ፣ ጣሊያን በተባረረ ማግስት ሠራዊት ገብቶ፣ ነገሌ ጦር ሰፈር ውስጥ ያረጀ ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን የተኮሰው ጥይት በጣት ይቆጠራል። የቆፈረው ምሽግ ግን ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል ጠረፍ ድረስ፣ ዶሎ ይደርሳል ይባልለት ነበር። አለቆቹ ሲቆጡም ሲደሰቱም ጣሰውን ምሽግ ያስቆፍሩት ነበር፤ እሱም ሥራውን ይወደው ነበር። አፈርን እያሸተተ ጥልቀቱን የሚናገር፣ ከአካፋው ጋር የሚያወራ ሰው ነበር።

ከመንደሯ የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ድንጋያማ ጉብታ ላይ፣ ሰው ወገብ የሚደርስ የፈረሰ የድንጋይ ግድግዳ አለ። አንድ ቀን ጣሰው የጠፋች በቅሎውን ሲፈልግ እዚያ ወጣ። በቅሎዋን አላገኛትም፤ ግድግዳውን ግን ቆሞ አየው። ድንጋዩ ተጠርቦ የተገጣጠመ ነው፤ ጭቃ የለው፣ ኖራ የለው፣ ማዕዘኑ ግን ልክክ ያለ ነው። ርዝመቱ ወደ ምሥራቅ ነው። በልጅነቱ የአገሩ ካህናት በድሮ ነገሥታት ዘመን እስከ ደቡብ ድረስ ትንንሽ አብያተ ክርስቲያናት ተተክለው ነበር ሲሉ ሰምቷል፤ ያ ትዝ አለውና ልቡ ዘለለ። ውስጡ ግን ጉልበት በሚደርስ ፍግ ተሞልቷል፤ በፍጉም ላይ አሥራ አንድ ጥጆች ተኝተው ያዩታል።

ጥጆቹ የሀላኬ ናቸው። ሀላኬ የዚያው አገር ቦረና፣ ከብቱ ብዙ፣ ጠጉሩ የሸበተ ጎረቤት ነው። አማርኛ የተማረው ወተት ሲያቀርብ ከጦር ሰፈሩ ስለሆነ ሰላምታው ሳይቀር ትእዛዝ ይመስላል። ግድግዳው ጅብ ስለሚከላከል አባቱም አያቱም ጥጃ ሲያጉሩበት ኖረዋል። ማን ሠራው ሲባል፣ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች፣ ብሎ ያቆማል። አንድም ድንጋይ ግን ከቦታው አያነሣም፤ የሰው እጅ የደረደረውን ማፍረስ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው።

ጣሰው በማግስቱ ሄዶ፣ ከዚያ በረት ውስጥ የአንድ ሰው ቁመት የሚያህል ቦታ እንዲሰጠው ለመነው።

“ለምን?” አለ ሀላኬ።

“ልቀበርበት።”

ሀላኬ ከእግር እስከ ራሱ አየው። “መቼ?”

እግዜር ባለ ጊዜ ነው አለው ጣሰው። ሀላኬ አሰበና፣ እስከዚያ ጥጆቼ እንዳይገቡበት አጥር አድርግለት፣ የሰው መቃብር ውስጥ ገብቶ እግሩ የተሰበረ ጥጃ አልፈልግም፣ ብሎ ፈቀደ።

ቦታ ሲመርጥ ጣሰው ብዙ አልተቸገረም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና፣ የምሥራቁን ጫፍ ያዘ። ሙታን ሲነሡ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ነው ይባላል፤ ወታደር ደግሞ ቀድሞ መሰለፍ ይወዳል። ሌላም ምክንያት ነበረው። የጉብታው አናት ሁሉ አለት ሲሆን አካፋ የሚገባው እዚያች ጫፍ ላይ ብቻ ነበር።

ሁለት ሳምንት ቆፈረ። እጁ የለመደው ምሽግ ስለሆነ መቃብሩም ምሽግ ሆኖ ወጣ። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ በአንድ በኩል መርገጫ ደረጃ ያለው፣ ጥግ ላይ የውሃ ማፋሰሻ ቦይ የወጣለት ነበር። ደስታነሽ ምሳ ይዛ ስትመጣ አየችውና፣ በሰማይ ቤት ከማን ጋር ልትዋጋ ነው፣ አለችው። እሱ ግን ኮራ። እሑድ እሑድ እየሄደ ገብቶ ይጋደምበት ጀመር፤ ልኩን ለማየት ነው ይበል እንጂ የሚያንኮራፋው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። አንድ ቀን አጥሩን ያለፈች ጥጃ ግንባሩን ስትልሰው ነቅቶ፣ መልአክ የመጣ መስሎት ኃጢአቱን መናገር ጀምሮ ነበር። ሀላኬ በግድግዳው ላይ ተደግፎ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

ገና ሲቆፍር ሳለ፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ አካፋው ጠንካራ ነገር ነክቶ ነበር። ጣሰው በእጁ ሲጠርገው አራት ማዕዘን ሆኖ የተጠረበ፣ በላዩ መስቀል የተቀረጸበት ድንጋይ ወጣ። ተንበረከከና ሳመው። እግዜር የመቃብሩን ድንጋይ አዘጋጅቶ፣ በልኩ ጠርቦ፣ በጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጦ ጠበቀው ማለት ነው! የመቃብር ድንጋይ ካለ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከወዴት ይመጣል? የሀላኬን ግመል ተውሶ ድንጋዩን ቤቱ አመጣው፤ መሮ ገዝቶም ከመስቀሉ ሥር እንዲህ ብሎ ቀረጸበት፦ “በዚህ ያረፈው አሥር አለቃ ጣሰው ሙሉነህ ነው። ፲፱፻”። የቀሩትን ሁለት ቁጥሮች ቦታ ክፍት ተወላቸው። እስኪያርፍ ድረስ ድንጋዩ በጣሪያው ጠርዝ ሥር ተቀምጦ ደስታነሽ በርበሬ ታሰጣበት ነበር።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቦታው ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ካህን መስክሮ ካልጻፈለት ፍትሐት የሚፈታ አይመጣም፤ ያለ ፍትሐት ከተቀበረ ደግሞ ከግራር ሥር ካለው ጓደኛው በምን ተሻለ? ስለዚህ ነገሌ ላለው የቤተ ክርስቲያን አለቃ ደብዳቤ ጻፈ። መልስ አልመጣም። ደግሞ ጻፈ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ጣሰውም አልለቀቀም። በሦስተኛው ደብዳቤ ላይ ዕድሜውን፣ የወገቡን ሕመምና የወንዙን መሙላት ዘርዝሮ፣ ብሞት በእናንተ ነው ብሎ ቢጽፍ፣ አለቃ ገብረወልድ በሃምሳ ስምንት ጥር ላይ ከአንድ ዲያቆን ጋር በጭነት መኪና መጡ።

አለቃ ገብረወልድ ቀጭን፣ ቁጥብ፣ የተማሩ ሰው ነበሩ። ከዚያ በፊትም ሁለት ቦታ፣ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ተገኘ ተብለው ተጠርተው፣ አንዱ የጣሊያን ወጥ ቤት፣ ሌላው የጉንዳን ኩይሳ ሆኖ ቆይቷቸዋል። ስለዚህ ፊታቸው አልተፈታም። በረቱን እንዳዩ፣ ፍጉ ይጠረግ፣ አሉ።

መንደሩ ሁሉ ወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ፍግ ተዛቀ፤ ሀላኬ አያቱ ያጠራቀሙትን ፍግ ሰው ሲበትነው ቆሞ አየ። በሦስተኛው ቀን ከፍጉ ሥር ሁለት አቋራጭ ግድግዳዎች ብቅ አሉ፤ አንድ ክፍል የመሰለው ቤት ሦስት ሆኖ ወጣ። የአለቃ ገብረወልድ ፊት ተለወጠ። ጫማቸውን አወለቁ። ከምዕራብ ጀምረው በእጃቸው እያመለከቱ፣ ይህ ቅኔ ማኅሌት ነው፣ ይህ ቅድስት ነው፣ ይህ ደግሞ ካህን ካልሆነ በቀር ማንም የማይረግጠው መቅደሱ ነው፣ ብለው ወደ ምሥራቅ ሲራመዱ የጣሰው ምሽግ አፉን ከፍቶ ጠበቃቸው።

“ይህን ማን ቆፈረ?” አሉ።

ሁሉም አንድ ሰው ያይ ነበር። የጣሰው ጆሮ ሞቀ። በሐሳቡ የሚመላለሰው በዚያች ስፍራ ስንት ጊዜ በጫማ እንደ ቆመ፣ ስንት ጊዜ ምሳ እንደ በላ፣ ስንት እሑድ እንዳንኮራፋ ነው። ከመቅደስ ውስጥ! ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ምድሪቱን ግን ቀድሞ የከፈታት እሱ ራሱ ነው።

አለቃ ገብረወልድ ጉድጓዱን ጎንበስ ብለው መረመሩት። ከዚያ ቀና ብለው፣ መንበሩ የሚቆምበት ድንጋይ እዚህ ላይ መኖር ነበረበት አሉ። ጥርብ ነው፣ መስቀል አለበት። እሱ ከተገኘ ቦታው ቤተ ክርስቲያን ነበር ብለው ይጽፋሉ፤ ካልተገኘ ግን ሦስት ክፍል ያለው የጥጃ በረት አየሁ ከማለት ሌላ የሚጽፉት የለም። ወደ ሀላኬ ዞረውም፣ አንቱ የበረቱ ባለቤት ነዎት፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ አይተዋል ወይ፣ ብለው ጠየቁት።

ሀላኬ አይቷል። ድንጋዩን የተሸከመችው የራሱ ግመል ናት። አላየሁም ቢል ደግሞ በረቱ ለጥጆቹ ይቀርለት ነበር። ሀላኬ ግን መዋሸት አይሆንለትም፤ የጎረቤት ምስጢር ማውጣትም አይሆንለትም። እኔ የማውቀው ስለ ጥጃ ነው፣ የድንጋዩን ነገር ድንጋይ የሚያውቅ ይናገር፣ አለና ወደ ሌላ ዞረ።

ጣሰው ወዲህ ቢል ገደል፣ ወዲያ ቢል ገደል ሆነበት። ዝም ካለ ምሽጉ የእሱ ነው፤ ነገር ግን ጥጃ በረት ውስጥ ያለ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል፣ ካህንም አይመጣለትም። ከተናገረ ቤተ ክርስቲያኑ ተገኘ፤ መቃብሩ ግን ሄደ፣ ውርደቱም አብሮ መጣ። ላቡን ጠረገ። ደስታነሽን አያት፤ ደስታነሽ አንገቷን ወደ ቤት አቅጣጫ አንዴ ነቅነቅ አደረገች። ያን ጊዜ ጣሰው ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠና፣ ድንጋዩ እኔ ቤት ነው ጌታዬ፣ አለ።

ተያይዘው ወረዱ። ደስታነሽ ቀድማ ሮጣ በርበሬውን ጠረገች፤ ሽታው ግን አልተጠረገም፤ ዲያቆኑ ሦስት ጊዜ አስነጠሰው። አለቃ ገብረወልድ ድንጋዩ ፊት ተንበርክከው መስቀሉን ተሳለሙ። ከዚያ ከሥሩ ያለውን ጽሕፈት አነበቡ። ደግመው አነበቡት።

“አሥር አለቃ” አሉ በቀስታ፤ “በመቅደስ ውስጥ፣ በመንበሩ ድንጋይ ላይ፣ ማን አርፏል ነው ያልከው?”

“እኔ ነኝ ጌታዬ። ገና አላረፍኩም እንጂ።”

ዲያቆኑ ወደ ቤቱ ጀርባ ሄደ። የአለቃ ገብረወልድ ጢም ሲንቀጠቀጥ አንዳንዱ ከቁጣ ነው አለ፤ ደስታነሽ ግን ሲስቁ አይቻቸዋለሁ ብላ እስከ ዛሬ ትምላለች። ፍርዳቸውን ሰጡ። ጽሕፈቱን ለመፋቅ ዳግመኛ መሮ ማንሣት ሁለተኛ ኃጢአት ነው፤ ስለዚህ ስሙ ባለበት ይቆይ፣ ልብስ ይሸፍነዋል። ጣሰው አርባ ቀን ይጹም፣ በቀን መቶ ይስገድ። ጉድጓዱን በገዛ እጁ ይድፈነው። ድንጋዩንም ያለ ግመል፣ ያለ ረዳት፣ ራሱ ይመልሰው። ስለ ቦታው ደግሞ ይጽፋሉ፤ በዓመት አንድ ቀን ካህን መጥቶ ጸሎት ያደርሳል፣ ሰው ሲሞትም መጥቶ ይፈታል። መቃብር ግን ከግድግዳው ውጭ ነው፤ ወደ ምዕራብ ሃያ እርምጃ።

ጣሰው ድንጋዩን በሸራ ላይ አጋድሞ በገመድ እየጎተተ ሁለት ቀን ፈጀ። ሀላኬ እንዳያግዘው ተከልክሏል፤ ሆኖም አልተለየውም፤ ባዶዋን ግመል እየሳበ ከኋላው ተከተለው። ጥጆቹ ከበረቱ ወጥተው የእሾህ አጥር ውስጥ ገብተዋል፤ በዚያው ሳምንትም ጅብ አንዷን ወሰደበት። ከዚያ በኋላ ሀላኬ በጣሰው በር ሲያልፍ “አካም” ብሎ ሰላም ማለቱን ተወ።

ጾሙ ሲያልቅ ጣሰው ሃያ እርምጃውን ቆጥሮ ወደ ምዕራብ ሄደና ዶማውን አነሣ። ዶማው ተንሸራቶ ተመለሰ። ከላይ አንድ ስንዝር አቧራ፣ ከሥሩ አለት ነው። ወደ ቀኝ ሄደ፣ አለት ነው። ወደ ግራ፣ ያው ነው። በአንድ ሳምንት ሁለት የዶማ እጀታ ሰበረ፤ የቆፈረው ግን ድመት አያስቀብርም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያን አገኘ፣ ካህን አገኘ፣ ፍትሐት አገኘ፤ መቃብር አጣ። በላዬ ላይ ድንጋይ ከምረው ቢተዉኝ ጅብ ያወጣኛል ብሎ አሰበ፤ የሀላኬንም ጥጃ አስታወሰ። ያን ዕለት አሥር አለቃ ጣሰው ዶማውን ጥሎ ከአለቱ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ስድሳ ዓመት ኖሮ፣ አገሩን ትቶ መጥቶ፣ ሲሞት የምትቀበለው አንዲት ክንድ መሬት ማጣቱ አንጀቱን በላው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ጉብታው ሲወጣ ሀላኬ ቀድሞት ቆሟል። ከኋላው ልጆቹ ዱቤና ጎሊቻ፣ የወንድሙም ልጆች፣ ባጠቃላይ ሰባት ጎልማሶች፣ ረጃጅም የብረት ዘንግ ይዘው ቆመዋል። በዚያ ዘንግ አባቶቻቸው በአለት ውስጥ አሥር ሰው ቁመት ወርደው የከብት ውሃ ያወጡበታል።

ጣሰው፣ ተቀይመኸኝ አልነበር ወይ፣ አለው።

“አዎ። ዛሬም ተቀይሜሃለሁ” አለ ሀላኬ። “ለላም ብለን አለት እንቆፍራለን። ለሰው አንቆፍርም? ተነሣ! አሳየን!”

በእነሱ ወግ አዲስ ጉድጓድ ሲጀመር መጀመሪያ የሚመታው ባለቤቱ ነው፤ ዘንጉን ለጣሰው ሰጡትና መታ። ከዚያ ገፋ አድርገውት ሥራቸውን ያዙ። እያዜሙ ነው የሚቆፍሩት፤ ዜማው ውሃ ሲቀዳ ከብት የሚጠራበት ነው። ጣሰው ለመቃብር እንዲህ ያለ ዘፈን ደግ አይመስለኝም ቢልም የሰማው የለም። በሦስተኛው ቀን ጉድጓዱ ልኩ ሆነ፤ ጣሰው ወርዶ ተጋድሞ አየውና ይበቃል አለ። ወጣቶቹ ግን ቀጠሉ። በአምስተኛው ቀን ሁለት ሰው ቁመት ደረሰ። ጣሰው ከላይ ሆኖ፣ ኧረ በቃ፣ እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ እያለ ቢጮህ ዱቤ ከሥር ሆኖ፣ “ገና ውሃ አልመጣም!” ብሎ መለሰለት። ሰባቱም ቀና ብለው ተያዩ። በዕድሜያቸው ሌላ ዓይነት ጉድጓድ ቆፍረው ስለማያውቁ እጃቸው ሥራውን ረስቶት ነበር። በስድስተኛው ቀን እየሳቁ ወጡ።

ያ መቃብር ግሩም ነበር። ጣሰው ለነገሌ ሰው ሁሉ አወራለት፤ ደስታነሽም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። ሚያዝያ ላይ ዋናው ዝናብ መጣ፤ የጉብታው ጎርፍ ሁሉ ተንደርድሮ ገባበት፤ አለት ነውና አላሰረገም፤ እስከ አፉ ሞላ። ጣሰው እስኪደርቅ ድረስ እንዳይሞት ራሱን መጠበቅ ጀመረ። ብርድ ይሸሻል፣ መንገድ ዳር አይሄድም፣ አሞኛል ብሎ አንድ ቀን እንኳ አልተኛም።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ አገሩ ደረቀ። ኩሬዎቹ ሲሰነጣጠቁ የጣሰው ጉድጓድ ውሃ አሁንም ሰማይ ይታይበታል። አንድ ጠዋት ሀላኬ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ከደጁ መጥቶ ቆመ።

“አካም፣ ወታደር። ናጋ?” ብሎ ሰላም አለው፤ ከስንት ወር በኋላ።

ነገሩን ሽማግሌዎቹ አቀረቡት። በሕጋቸው ጉድጓድ መጀመሪያ የመታው የጉድጓዱ አባት ነው፤ ሳይፈቅድ አፍ አያስነኩም። አባት ደግሞ ውሃ ለተጠማ አይከለክልም። ጥጆች ተጠምተዋል፤ ስለዚህ እንዲፈቅድ ጠየቁት።

ጣሰው ግራ ገባው። መቃብሬ ነው ሊል ፈለገ፤ አሳፈረው። ካባውን ደርቦ አብሯቸው ወጣ። ጥጆቹ ከጉድጓዱ ዳር ተሰብስበው፣ ሽታውን አግኝተውት፣ አንገታቸውን እየዘረጉ ያቃስታሉ፤ ጎሊቻ በልጓም እንደያዛቸው ሁሉ በዱላው ብቻ አቁሟቸዋል፤ አንድ ሰው ሳይፈቅድ አይጠጡምና ነው። ሽማግሌዎቹ፣ ጎልማሶቹ፣ ጥጆቹ፣ ሁሉም ጣሰውን ያያሉ። በሕይወቱ ሙሉ ሲታዘዝ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲህ በእሱ ቃል የቆመ ነገር አይቶ አያውቅም።

“ይጠጡ” አለ።

ሲጠጡ ቆሞ አየ። ሆዳቸው ሲነፋ፣ ጆሯቸው ሲወዛወዝ አየ፤ ደስ አለው። ከሠርጉ ቀን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም። ሀላኬ በማግስቱ ሌላ መቃብር እንቆፍርልሃለን፣ አታስብ፣ አለው። ጣሰውም አልቸኮለም፤ ቦታውን እኔ እመርጣለሁ፣ አለ።

መረጠም። ጎርፍ ከሚወርድበት ከግርጌው ነው የመረጠው። አፈሩ ይሻላል ብሎ ለደስታነሽ ነገራት፤ አፈር የሚባል ነገር አልነበረም። በሚቀጥለው ሚያዝያ ያም ሞላ። ሦስተኛውን ሲጀምር ደስታነሽ ወገቧን ይዛ ከጉብታው ላይ ቆመችና፣ አንተ ሰውዬ የምትቆፍረው ለሬሳህ ነው ለጥጃ፣ አለችው። ሰው የሚሞትበትን ቀን አያውቅም፣ መዘጋጀት ደግ ነው፣ ብሎ መለሰላት። በዓመት በዓሉ ዕለት የሚመጣው ካህን ሦስቱን ጉድጓድ አይቶ፣ በዚህ መንደር በሽታ ገብቷል እንዴ፣ ብሎ ደንግጦ ጠየቀ። በጋ በመጣ ቁጥር ጣሰው በርጩማውን ይዞ ወጥቶ ከጉድጓዶቹ ዳር ይቀመጥና ተራ ያስይዛል፤ ይህን ጥጃ አቁም፣ ያችን አምጣ፣ ገፊዋን መልስ እያለ ከንጋት እስከ ቀትር ይውላል። የጦር ሰፈሩን ትእዛዝ ሁሉ በጥጆች ላይ ጨረሰው።

አሥር አለቃ ጣሰው በስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ላይ፣ በተኛበት አረፈ። ዝናቡ ከባድ ነበር። ካህኑ ለዓመት በዓሉ መጥቶ መንደር ውስጥ ነበርና እንደ ተጻፈው ፈታው፤ መኪናም ፍየልም አላስፈለገም። ሬሳው በሰው ትከሻ ወደ ጉብታው ወጥቶ ከግድግዳው በስተ ምዕራብ ሲደርስ ግን ተሸካሚዎቹ ቆሙ። ከሦስቱ በኋላ ሌላም ተጨምሮ በስሙ አራት ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር። አራቱም እስከ አፋቸው ውሃ ይዘዋል።

ደስታነሽ እያለቀሰች ሳቀች፤ እየሳቀችም አለቀሰች። ሬሳውን ከቅኔ ማኅሌቱ ግድግዳ ሥር አሳረፉት፤ እነ ዱቤ ዘንጋቸውን አምጥተው አምስተኛውን በዚያው ጠዋት ጀመሩ። ሳያዜሙ ነው የቆፈሩት። ጥልቅም አላደረጉት፤ ለአንድ ሰው የሚበቃ ልክ ሲደርስ አቆሙ፤ ዙሪያውንም ጎርፍ እንዳያልፍ በድንጋይ ከበቡት።

አፈር ሲመለስ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሀላኬ ብቻ ሰማዩን ያይ ነበር። ከወደራ በኩል ደመና ተነሥቷል። ካህኑ አጠገቡ ነበርና፣ አይዞህ፣ ተከብቧል፣ ውሃ አይገባበትም፣ አለው።

“መግባቱን ነው የምፈልገው” አለ ሀላኬ። “ውሃ ከያዘ ጥጃ ሊያጠጣ ይነሣ ነበር።”